የካሣው ጣራ የሚወድቀው በማን ላይ ነው?

ባለፈው ሳምንት በሕግ ተማሪዎችና በሕክምና ተማሪዎች መካከል የተደረገውን የማታ ክርክር ያላዳመጠ ጓደኛ ቢኖር ብዙ ነገር አምልጦታል። ርእሱ «ታካሚ በሐኪሙ ላይ የሚያቀርበው የካሣ ክስ በሕግ ሊገደብ ይገባዋልን?» የሚል ነበር። አዳራሹ ሞልቶ በየመስኮቱ የቆሙ ነበሩ። የሕክምና ተማሪዎች «ይገደብ» አሉ፤ የሕግ ተማሪዎች «አይገደብ» አሉ፤ ጭብጨባውም እንደየፋኩልቲው ተከፈለ። ሁለት ሰዓት ያህል ሲከራከሩ ካመሹ በኋላ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከኋላ ተነሥታ፣ «እኅቴ ስትወልድ ልጇ ሞተባት። ሐኪሙ ተሳስቶ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ የነገረን የለም። እናንተ የምትከራከሩት ስለ ገንዘብ ነው፤ እኛ ግን ምን እንደ ተደረገ የምንጠይቀው ማንን ነው?» ብላ ጠየቀች። ከሁለቱም ወገን የመለሰላት አልተገኘም። ሰብሳቢውም ሰዓቱ አልቋል ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

እኛ ይህን የምንጽፈው ያ ጥያቄ በዚያ አዳራሽ እንዳይቀር ብለን ነው። ለማንኛውም ፋኩልቲ ጥብቅና አልቆምንም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ከዚህ ግቢ ወጥተን አንዳችን ቢላዋ ይዘን ከታካሚው አጠገብ፣ አንዳችን መዝገብ ይዘን ከዳኛው ፊት መቆማችን አይቀርምና፣ ነገሩን ዛሬ በደንብ ብናውቀው ይጠቅመናል እንጂ አይጎዳንም።

ሁለቱም ወገኖች ማስረጃቸውን ያመጡት ከአሜሪካ ነው። ይህም አያስደንቅም፤ አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ ከሃምሳ ዓመት በላይ ተከራክረውበታልና። ስለዚህ እኛም ከዚያው እንጀምር። የዚያን አገር ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በአገራችን አቆጣጠር እንጽፋለን።

ነገሩ የፈላው በ1975 በካሊፎርኒያ ነው። ሐኪሞች ስሕተት ቢፈጽሙ ካሣውን የሚከፍልላቸው የኢንሹራንስ ኩባንያ ነው፤ ሐኪሙም በየዓመቱ አረቦን ይከፍላል። በዚያ ዘመን ኩባንያዎቹ አረቦኑን በአንድ ጊዜ እጥፍ ድርብ አደረጉት፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ ሥራውን ትተው ወጡ። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የማደንዘዣ ሐኪሞች ሥራ አቆሙ፤ ሆስፒታሎችም አጣዳፊ ካልሆነ በስተቀር ቀዶ ሕክምና ማድረግ ተሳናቸው። ገዥው ጄሪ ብራውን የክፍለ ግዛቱን ምክር ቤት ለልዩ ስብሰባ ጠራ፤ በዚያውም ዓመት መስከረም ላይ ሕጉ ወጣ።

ሕጉ የሚለው ይህ ነው፤ ተጎጂው ለሕክምና ያወጣውንና ወደ ፊት የሚያወጣውን ገንዘብ፣ ያጣውንም ደመወዝ ሙሉ በሙሉ ይካሣል። ስለ ሕመሙ፣ ስለ ስቃዩ፣ ስለ አካሉ መጉደልና ስለ ኀዘኑ የሚከፈለው ካሣ ግን ከ250,000 ዶላር ሊበልጥ አይችልም። ዳኝነት የተቀመጡት ዜጎች ሚሊዮን ቢፈርዱ እንኳ ዳኛው ወደዚያ ልክ ያወርደዋል። ሕጉ ለጠበቆችም ድርሻ ልክ አበጀላቸው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 ይህ ጣራ ሕገ መንግሥቱን አይቃረንም ብሎ አጸናው።

ይህ የካሊፎርኒያ ሕግ ለሌሎቹ አብነት ሆነ። ቴክሳስ በ2003 ተመሳሳይ ሕግ አወጣ፤ በዚያው ዓመት መስከረምም ሕዝቡ በጥቂት ድምፅ ብልጫ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ አጸናው። በዚያ ለሐኪሞች የተሠራው ጣራ 250,000 ዶላር ሲሆን፣ በድንገተኛ ክፍል ለሚፈጸም ስሕተትም ተራ ቸልተኝነት ማስረዳት አይበቃም፤ ሆን ብሎ አደጋን የመናቅ ያህል ከባድ ጥፋት መሆኑ ይጠየቃል። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ይህንኑ ለመላው አገር ሕግ ለማድረግ ደከሙ፤ በ2003 የተወካዮች ምክር ቤት ቢያሳልፈውም በሴኔቱ ከሸፈ። በጥር 2005ም ወደ ኢሊኖይ ሄደው ስለዚሁ ጉዳይ ንግግር አደረጉ። ከአንዱ ወገን ሐኪሞችና ኢንሹራንሶች ከሪፐብሊካኖች ጋር፣ ከሌላው ወገን ጠበቆች ከዴሞክራቶች ጋር ተሰለፉ። ፍርድ ቤቶቹም አልተስማሙም፤ የኢሊኖይና የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች በ2010፣ የፍሎሪዳም በ2014ና በ2017 የየክፍለ ግዛታቸውን ጣራ ሽረውታል።

እንግዲህ የሐኪሞቹን ቃል በቅን ልቡና እናዳምጥ፤ ሐሰት አይደለምና። ጓደኞቻችን የሕክምና ተማሪዎች ያሉት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሐኪም ያልሠራው ጥፋት ይከሰስበታል አሉ። እውነት ነው። በ2006 በአሜሪካ የታተመ ጥናት 1,452 የተዘጉ የክስ መዝገቦችን መርምሮ ከመቶ 37ቱ ምንም ስሕተት ያልተገኘባቸው መሆናቸውን አስረድቷል። ያለ ጥፋቱ ተከሶ ዓመታት የሚመላለስ ሐኪም እንቅልፍ እንደሚያጣ ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ክስ የሚፈራ ሐኪም ለታካሚው ሳይሆን ለፋይሉ ሲል ምርመራ ያዛል አሉ። ይህም አለ። ሦስተኛ፣ ጣራው ከተሠራ አረቦኑ ይረክሳል፣ ሐኪሞች ይበዛሉ፣ የሕክምናም ዋጋ ይቀንሳል አሉ። እዚህ ላይ ግን ቆም ብለን ቁጥሩን እንይ።

የአሜሪካ ኮንግረስ የበጀት መሥሪያ ቤት በ2009 እንደ ገመተው፣ እንዲህ ያለው ገደብ በአገሪቱ ሁሉ ቢደረግ ከጠቅላላው የሕክምና ወጪ የሚቀነሰው ከመቶ ግማሽ እጅ ያህል ነው። ከሁለት መቶ ዶላር አንድ ዶላር ማለት ነው። ቴክሳስን የመረመሩ የሕግና የኢኮኖሚ ምሁራንም በ2012 ባወጡት ጥናት ከሕጉ በኋላ መንግሥት ለአዛውንቶች ሕክምና የሚያወጣው ገንዘብ ለመቀነሱ ማስረጃ አላገኙም፤ በኋላ ባወጡትም ሕጉ ሐኪሞችን ወደ ቴክሳስ አጉርፏል የሚለውን የሚደግፍ ነገር አላገኙም። በካሊፎርኒያ አረቦኑ መርጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን ሕዝቡ በ1988 የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ዋጋ ከመጨመራቸው በፊት የመንግሥት ፈቃድ እንዲጠይቁ የሚያስገድድ ሕግ በድምፁ አውጥቷል፤ ያረጋው የትኛው ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ። ክሱ ግን በርግጥ ቀንሷል። ጣራ ክስን ይቀንሳል፤ ይህን የሚክድ የለም። ጥያቄያችን የቀነሰው የማን ክስ ነው የሚል ነው።

ይህን ለመረዳት ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንዱ የአርባ ዓመት መሐንዲስ ነው፤ ሌላዋ ልጆቿን የምታሳድግ የቤት እመቤት ናት። ሁለቱም በአንድ ዓይነት የሐኪም ቸልተኝነት እግራቸውን አጡ እንበል። መሐንዲሱ የሃያ ዓመት ደመወዙን ያሰላል፤ ያ ጣራ የለውም። እመቤቲቱ ደመወዝ የላትም። ያጣችው ነገር ሁሉ ሕጉ «ሕመምና ኀዘን» ብሎ በሰየመው ሣጥን ውስጥ ተከቶ ከላይ ተከድኖበታል። ጡረታ የወጣው ሽማግሌም፣ ሥራ ያልጀመረው ተማሪም፣ ገና የተወለደው ሕፃንም ከእርሷ ጋር ናቸው። እንግዲህ ጣራው ለሁሉ እኩል ተሠራ ይባላል እንጂ፣ ረጅሙን ሰው አይነካውም፤ የሚመታው ደመወዝ የሌለውን ነው።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። በአሜሪካ ድኃ ጠበቃ የሚያቆመው ገንዘብ ከፍሎ ሳይሆን፣ ከተፈረደለት ድርሻ ለመስጠት ተስማምቶ ነው። የሕክምና ክስ ደግሞ ውድ ነው፤ መስክሮ የሚያስረዳ ሐኪም ይቀጠራል፣ መዝገብ ይመረመራል፣ ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ ጠበቃው ገና ሲጀመር ሒሳቡን ሠርቶ «ይህ ክስ ወጪዬን አይመልስም» ካለ፣ ያቺ እናት እውነቷን ይዛ ከቤቷ ትቀራለች። ሕጉ በሩን አልዘጋባትም፤ በሩን የሚያንኳኳላት ነው ያሳጣት።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የ1975ቱ ሕግ 250,000 ዶላር አለ እንጂ ቁጥሩ ከኑሮ ውድነት ጋር ይነሣ አላለም። ዳቦውም፣ የቤት ኪራዩም፣ የሐኪሙም ክፍያ ሲጨምር ያ ቁጥር አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ባለበት ቆመ። በ2014 ቁጥሩን ከዋጋው ጋር አስተካክሎ ወደ 1.1 ሚሊዮን ዶላር የሚያደርስ ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ፤ በዚያው ሐሳብ ውስጥ ሐኪሞች ስለ አደንዛዥ ዕፅ ይመርመሩ የሚል ሌላ ነገር ተጨምሮበት ነበርና፣ ብዙ ገንዘብ ከፈሰሰበት ቅስቀሳ በኋላ ከሦስት መራጭ ሁለቱ ያህል እምቢ አሉት። በመጨረሻ በ2022 ሁለቱ ወገኖች ሌላ የድምፅ ጦርነት ከመግጠም መስማማትን መረጡ። ከ2023 ጀምሮ ጣራው ለአካል ጉዳት 350,000፣ ለሞት 500,000 ዶላር ሆነ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 750,000ና ወደ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል፤ ከዚያም በየዓመቱ ከመቶ ሁለት ይጨምራል። እኛ ከዚህ የምንማረው፣ በሕግ የተጻፈ የብር ቁጥር ሰው ሳይነካው በየዓመቱ የሚሸረሸር መሆኑን ነው። ዛሬ ልክ መስሎ የሚታየው ነገ ስድብ ይሆናል።

አሁን ደግሞ ለሕግ ተማሪዎች አንድ ነገር እንንገር፤ እነርሱም ከዚያ አዳራሽ ጭብጨባ ብቻ ይዘው መሄድ የለባቸውምና። ክሱ እንዳለ ይቆይ ማለት ብቻውን ለተጎጂው ፍትሕ አይደለም። የሃርቫርድ ምሁራን በኒው ዮርክ ሆስፒታሎች በ1984 የተኙትን ከ30,000 በላይ ታካሚዎች መዝገብ መርምረው በ1991 ያወጡት ጥናት እንዳሳየው፣ ከመቶ ታካሚ አራት ያህሉ በሕክምናው ምክንያት ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ከእነዚህም ከሩብ በላይ የሚሆነው ከቸልተኝነት የመጣ ነው። በቸልተኝነት ከተጎዱት ግን የከሰሱት ከመቶ ሁለት አይሞሉም። እንግዲህ ያልጠፋው ሐኪም ሲከሰስ፣ የተጎዱት ታካሚዎች ብዙዎቹ ሳይከሱ ቀርተዋል። አስቀድመን የጠቀስነው የ2006 ጥናትም ክሱ ከጉዳቱ እስከ ፍጻሜው በአማካይ አምስት ዓመት መውሰዱን፣ ለተጎጂዎች በተከፈለው በእያንዳንዱ ዶላር ላይ 54 ሳንቲም ለጠበቃ፣ ለባለሙያ ምስክርና ለልዩ ልዩ ወጪ መውጣቱን ገልጿል። ይህን ያህል የሚያፈስ ጋን ተሸክሞ ውኃ አደርሳለሁ ማለት አይቻልም።

ታዲያ ክሱን መገደብም መልስ ካልሆነ፣ እንዳለ መተውም መልስ ካልሆነ ምን ይሁን? ከዚያው ከአሜሪካና ከሌላ አገር ሦስት ምሳሌ እናምጣ።

የመጀመሪያው የማደንዘዣ ሐኪሞች ነው። እነዚያ በ1975 ሥራ አቁመው የነበሩት ሐኪሞች ማለታችን ነው። ማኅበራቸው በ1985 ከኢንሹራንስ ኩባንያዎች የተዘጉ የክስ መዝገቦችን እየሰበሰበ ይመረምር ጀመር። ብዙውን ሞት ያመጣው ምን እንደ ሆነ ከመዝገቡ አነበቡ፤ ታካሚው አየር አጥቶ ሳለ በጊዜው ያየ አልነበረም፣ ቱቦው ወደ ሳንባ ሳይሆን ወደ ምግብ መውረጃ ገብቶ ነበር። በ1986 በማደንዘዣ ጊዜ የታካሚው እስትንፋስ፣ የደም ዝውውርና የኦክሲጅን መጠን ያለማቋረጥ እንዲጠበቅ መመሪያ አወጡ። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያም በየቀዶ ሕክምናው ክፍል ገባ። ሞቱ ቀነሰ፤ ሞቱ ሲቀንስ ክሱ ቀነሰ፤ የዋጋው ንረት ሲታሰብ አረቦናቸውም ረከሰ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሐኪሞች የከሳሹን መዝገብ እንደ ጠላት ደብዳቤ ሳይሆን እንደ መማሪያ መጽሐፍ አነበቡት። ክሱ ባይኖር መዝገቡም ባልኖረ ነበር።

ሁለተኛው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ከ2001 ጀምሮ ጉዳት ሲደርስ ራሱ ይመረምራል፤ ጥፋቱ የርሱ ሲሆን ለታካሚው ይነግራል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ካሣ ያቀርባል፤ ጥፋት ከሌለው ግን ሐኪሙን ይዞ እስከ መጨረሻው ይከራከራል። ብዙ ሰዎች «ጥፋትን ማመን ክስ ይጠራል» ብለው ነበር። በ2010 የታተመው ጥናት ግን ክሱ መቀነሱን፣ ነገሩም ቶሎ ማለቁን አሳየ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው የሚከሰው ገንዘብ ፈልጎ ብቻ አይደለም፤ የሆነውን የሚነግረው ሲያጣ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባል የለምን? ያቺ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የጠየቀችውም ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው ኒው ዚላንድ ነው። ይህች አገር ከሚያዝያ 1974 ጀምሮ ስለ አካል ጉዳት ካሣ መክሰስን ከለከለች። ነገር ግን ከለከለች እንጂ ባዶ እጅ አልሰደደችም። አስቀድማ ለተጎጂ ሁሉ የሚከፍል የሕዝብ ገንዘብ አቋቋመች፤ ተጎጂው ሥራ ካቆመ ከደመወዙ ከመቶ ሰማንያው ይከፈለዋል። ከ2005 ወዲህ በሕክምና የተጎዳ ሰው የሐኪሙን ስሕተት ማስረዳት እንኳ አይጠበቅበትም። ምን ተደረገ ብሎ ለሚጠይቅም ቅሬታውን ሰምቶ የሚመረምር ነጻ ኮሚሽነር አለ። ክፍያው አነሰ የሚሉ አሉ፤ ምሉዕ ነውም አንልም። ግን ካሊፎርኒያ ክሱን ስትገድብ ለተጎጂው ምትክ አልሰጠችውም፤ ኒው ዚላንድ ግን ምትኩን አስቀድማ ክሱን አነሣች። የሁለቱ ልዩነት በዚህ ላይ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ እስካሁን «ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ብለህ እንደ ሆነ አሁን ስማ። በዚያ ማታ ከሁለቱ ወገን አንድም ተከራካሪ ያላነሣው ነገር አለ። ይኸውም እኛ ራሳችን ጣራ ያለን መሆናችን ነው፤ እንዲያውም ከካሊፎርኒያ አሥራ አምስት ዓመት ቀድመን የሠራነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሐኪም መልካም ነገር ተናግሯል። በቁጥር 2031 ማንም ባለሙያ የሞያውን ደንብ እንዲጠብቅ፣ ከሳይንሱና ከሞያው ደንብ ወጥቶ ግዴታውን ባለማወቅ ወይም በቸልተኝነት ቢያጠፋ እንዲጠየቅ ይላል። በቁጥር 2651 ሆስፒታሉ ለቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ኀላፊ ነው ይላል። ወደ ቁጥር 2116 ስንደርስ ግን ስለ ኅሊና ጉዳት፣ ማለት ስለ ኀዘንና ስለ ስቃይ የሚከፈለው ካሣ በማናቸውም ምክንያት ከአንድ ሺህ የኢትዮጵያ ብር ሊበልጥ አይችልም ብሎ ይደመድማል።

አንድ ሺህ ብር! በ1952 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ 400 ዶላር ያህል ነበር፤ ለብዙ ቤተሰብም ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ አሥር ዶላር አይሞላም፤ አንድ ኩንታል ጤፍ አይገዛም። የከሳሽ ጠበቃ አቤቱታውን ለማስጻፍ የሚያወጣውን እንኳ ይመልስ እንደ ሆነ የሕግ ተማሪዎች ይንገሩን። የደመወዝና የሕክምና ወጪ ካሣ በሕጋችን ጣራ የለውም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የሞተው ገና የተወለደ ሕፃን ሲሆን ምን ደመወዝ ይቆጠርለታል? ለእናቱ በተለይ የሚቀርላት ያቺው አንድ ሺህ ብር ናት። በካሊፎርኒያ ያየነው ነገር ተመልሶ በቤታችን ቁጭ ብሎ አገኘነው፤ ጣራው የሚመታው ደመወዝ የሌለውን ነው።

ይህን ከሌላ ሕግ ጋር ብናስተያየው ይበልጥ ያሳፍረናል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት ዐዋጅ፣ መጽሐፉ ወይም ዜማው ያለ ፈቃዱ የተገለበጠበት ሰው የሚያገኘው የኅሊና ካሣ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደነገገ። ደራሲውና ዘፋኙ በመከበራቸው ደስ ይለናል፤ ቅናት የለብንም። ግን ለዘፈን ከመቶ ሺህ አይነስ፣ ለልጅ ከአንድ ሺህ አይብለጥ የሚል አገር ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጦ አንብቧቸው ያውቃልን?

እንግዲህ የሕክምና ተማሪዎች ሆይ፤ «ይህ ለእኛ ይበጀናል» ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። በሐኪም የተበደለ ሰው የካሣው በር ሲዘጋበት በደሉን ውጦ አይቀመጥም፤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል። የወንጀል ሕጋችን በቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው ስለ መግደል ሲናገር፣ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሞያ ግዴታ ያለበት ሰው ቅጣቱ እንደሚከብድበት ይገልጻል፤ ለምሳሌም በስም የጠራው ሐኪምንና ሾፌርን ነው። ስለዚህ ካሣው በረከሰበት አገር ሐኪሙ የሚያስፈራው እስር ነው። ኢንሹራንስ ካሣን ይከፍላል፤ ስለ ማንም ሰው ግን አይታሰርም። ደግሞም ኦክሲጅን በጎደለበት፣ ለመቶ ሰው አንድ ሐኪም በተረኛነት በሚያድርበት ክፍል የተፈጠረውን ጥፋት አንድ ወጣት ሐኪም ብቻውን በወንጀል እንዲመልስ ማድረግ ፍርድ አይደለም። ኀላፊነቱ ወደ ሆስፒታሉና ወደ ባለበጀቱ እንዲወጣ የሚያደርገው የካሣው ክስ ነው። የካሣው በር ቢከፈት ከታካሚው ቀጥሎ የሚጠቀመው ሐኪሙ ነው።

የሕግ ተማሪዎች ሆይ፤ እናንተም «ጣራው ይነሣ፣ ሁሉ ይክሰስ» ብላችሁ እንዳትቆሙ። ሕጉ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ያልከሰሰ ሰው መብቱ ይቀርበታል ይላል። ከገጠር የመጣች እናት፣ መዝገቧ በማታነበው ቋንቋ የተጻፈ፣ ስለ እርሷ የሚመሰክር ሐኪም የማታገኝ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ታደርጋለች? ጣራው ቢነሣ እንኳ ደረጃ የሌለው ቤት ለእርሷ ምን ይጠቅማታል?

ስለዚህ እኛ የምንለው አጭር ነው።

አንደኛ፤ የአንድ ሺህ ብሩ ጣራ ይነሣ። ልክ ያስፈልጋል የሚሉ ካሉም ልኩ በየጊዜው ከኑሮው ጋር የሚነሣ፣ ደመወዝ የሌለውንም የማይበድል ይሁን። ሳይነካ የኖረ ቁጥር የት እንደሚደርስ ከካሊፎርኒያም ከራሳችንም አይተናል።

ሁለተኛ፤ ታካሚ ወይም ቤተ ዘመዱ ምን እንደ ተደረገለት የመጠየቅ፣ መዝገቡንም የማግኘት መብቱ በሥራ ይዋል። በሕክምና ስሕተት የደረሰውን ጉዳት ሆስፒታሉ ራሱ መርምሮ ይንገር። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ድፍረት ብቻ ይጠይቃል።

ሦስተኛ፤ ክሱን መገደብ የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ምትኩን ያሳየን። ለተጎጂ የሚከፍል የሕዝብ ገንዘብ ይቋቋም፤ ከዚያ በኋላ ስለ ገደብ እንነጋገር። ምትክ ሳያቀርቡ መገደብ የሐኪሙን ጭነት አንሥቶ በሕፃኑ ትከሻ ላይ መጫን ነው።

መምህሮቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። የሕክምና መምህሮች ስለ ክስ መዝገብ፣ የሕግ መምህሮችም ስለ ሕክምና ክፍል ለየብቻ ከሚያስተምሩን፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሁለቱን ፋኩልቲ በአንድ ክፍል አስቀምጠው አንድ መዝገብ አብረን እንድናነብ ያድርጉን። የማደንዘዣ ሐኪሞቹ ካነበቡት መዝገብ ብዙ ሕይወት ተርፏልና።

በአባቶቻችን ዘመን መንገድ ላይ የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮህ በደለኛው ይቆም ነበር፤ ጉልበት ስላነሰው አይደለም፤ ነገሩ በዳኛ ፊት ይሰማል ብሎ ስለሚያምን ነው። ያቺ ልጅ በአዳራሹ ውስጥ የጮኸችው በሕግ አምላክ ብላ ነው። ሰብሳቢው ሰዓቱ አልቋል አላት። እኛ ግን በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያው ርእስ የእርሷ ጥያቄ እንዲሆን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አመልክተናል። የሁለቱም ፋኩልቲ ተማሪዎች መልሳቸውን አዘጋጅተው ይምጡ፤ በዚህ ጊዜ ጭብጨባ አንቀበልም።